ውረዱ ላይ የቆመችው ጂፕ

ባለፈው መስከረም እናቴን ልጠይቅ ከጅማ ወደ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር። አመሻሽ ላይ ስለደረስኩ ከተማውን በቅጡ አላየሁትም። ጠዋት ግን ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ የቆርቆሮው ክዳን ያሳደረውን ዝናብ ሲያንጠባጥብ እየሰማሁ ሳለ፣ ከታች በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ብረት በብረት ሲመታ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አይደለም፤ እሱ ቀጭንና ረጅም ነው። ይኼኛው ወፍራም ነው፤ ከተመታ በኋላም እንደ ሽማግሌ ሳል ቶሎ አይበርድም። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። የእርጥብ አፈርና የተፈለፈለ ቡና ጎምዛዛ ሽታ ፊቴን መታኝ።

እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«አሁንም እሱኑ ነው የሚደውሉት?» አልኳት በመስኮቱ።

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ሰው እንጂ ብረት አያልቅ» አለችኝ ቀና እንኳን ሳትል።

ያ ብረት የትምህርት ቤቱ ደወል ነው። ደወል ከመሆኑ በፊት ግን የጋሽ በዛብህ ጂፕ የፊት ጎማ የፍሬን ታምቡር ነበር። ከጂፗ ላይ እንዴት እንደተነቀለና ለምን እንደተነቀለ የሚያውቅ ሰው ከእኛ ሰፈር ጥቂት ብቻ ቀርቷል። አንዷ እኔ ነኝ።

ጋሽ በዛብህ ጎረቤታችን ነበር። በእነሱና በእኛ ግቢ መካከል የቆመው አጥር ጥቂት እንሰትና የቡና ዛፍ ስለነበረ አጥር ብሎ ለመጥራት ያሳፍራል፤ ዶሮዎቹ እንኳን የማን እንደሆኑ የሚለየው ማታ ሲገቡ ነው። አባቱ ከሸዋ ለቡና ንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው ይባላል። እሱ ራሱ አጭር፣ ደንዳና፣ አንገቱ ከትከሻው የገባ፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው ነበር። በሸሚዙ ኪስ ኮረሪማ አይጠፋም። መኪና የሚያጥወለውለው መንገደኛ በመስተዋት ካየ አንዱን ፍሬ በጥርሱ ፈልቅቆ ወደ ኋላ ያቀብላል። «አሽትት፣ ከዚያ አኝክ፣ ከዚያ ዝም በል» ይላል። እኔ እስከ ዛሬ ኮረሪማ ሲሸተኝ የሚታወሰኝ ወጥ ሳይሆን መንገድ ነው።

ጂፗ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች፤ ከእናቴም ጋር ሳትስተካከል አትቀርም። አረንጓዴ ነበረች፤ ቀለሟ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ ይታያል። በደርግ ጊዜ ጋሽ በዛብህ ተቀጥሮ ይነዳት የነበረ የእርሻ መኪና ናት። ሥርዓቱ ተለውጦ አሮጌ መኪኖች በጨረታ ሲሸጡ፣ የለመደ እጁ አልለይሽ ብሏት ገዛት። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የእንጨት አግዳሚዎች፣ ከላይ ሸራ፣ በአንዱ በር ላይ በመዝጊያ ፈንታ የካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ። ጥሩንባዋ የፍየል ድምፅ ነበረው። ካሴት ማጫወቻዋ ደግሞ ከዘፈኑ ይልቅ ክሩን መብላት ይወድ ነበር። በገበያ ቀን ከሚዛን ሸዋ ቤንች፣ ከሸዋ ቤንች ሚዛን ትመላለሳለች፤ ሰው፣ ቡና፣ ጎደሬ፣ ማር፣ ዶሮ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ይዛ።

በዚያ ዘመን በአራቱም ጎማዋ ላይ የታምቡር ፍሬን ነበራት። ከጎማው ጋር የሚዞር ድስት የመሰለ ብረት አለ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ከውስጥ የፍሬን ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች ተከፍተው የድስቱን ግድግዳ ይይዙታል፤ ጎማው ይቆማል። ደረቅ ከሆነ ችግር የለበትም። ውሃ ከገባበት ግን ሸራው መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። እኛ አገር ደግሞ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው። ስለዚህ ጋሽ በዛብህ ወንዝ ከተሻገረ በኋላ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ፣ በግራ እግሩ ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ ይዞ ብዙ ይሄዳል። ፍሬኑን ማሞቅ ይለዋል። ከጎማዎቹ ላይ እንፋሎት ሲነሣ ያኔ ውሃው ደርቋል ማለት ነው።

ከሸዋ ቤንች ወደ ሚዛን ሲመጣ ያለው ወንዝ ያኔ ድልድይ አልነበረውም። ወንዙን በጎማ ተሻግሮ፣ አጭር ዳገት ወጥቶ፣ ከዚያ ረጅሙ ቁልቁለት ይጀምራል፤ ባንድ ጎኑ ተራራ፣ ባንድ ጎኑ ገደል። ጋሽ በዛብህ አፋፉ ላይ ይቆምና «ውረዱ!» ይላል። ሁሉም ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ጂፗ ባዶዋን ትወርዳለች፤ ረዳቱ ከኋላ ጎማው ጎን የእንጨት ታኮ ይዞ ይሮጣል። እምቢ ካለች ታኮውን ከጎማው ሥር ሊወረውር። ሌሎቹ ሾፌሮችም እንደዚያው ስለሚያደርጉ ቦታው ራሱ ስሙ ውረዱ ሆኖ ቀረ። «የት ዘነበባችሁ?» ስንባል «ውረዱ ላይ» እንል ነበር።

ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ግን አይወርዱም። ማንም ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ ርኅራኄ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ መገልበጥ ከመጣ የሚገለበጠው ደካማው ብቻ እንዲሆን የፈረድን ይመስላል። ያኔ ግን እንዲህ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አቅም ያጣን ሰው በዝናብ ጭቃ ላይ ውረድ ማለት ነውር ነበር።

ትዕግሥት የጋሽ በዛብህና የባለቤቱ የእትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነበረች። የእኔ ደግሞ የአንድ ዴስክ ጓደኛዬ። ፊቷ ሰፊ፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ክርክር የምትወድ ልጅ ነበረች። የጂፗን ጥሩንባ እንደ እሷ አድርጎ የሚያስመስል አልነበረም፤ አንዴ ክፍል ውስጥ ድምፁን አውጥታ መምህሩ በመስኮት መኪና ፈልገዋል። የፊት ወንበር የእኔ ነው ትል ስለነበረ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ባለው ቆርቆሮ ላይ በሚስማር ስሟን ቧጭራ ጽፋለች። አባቷ ሲያይ ተቆጣ፤ ቀጥሎም «ዓይነ ሥውር የጻፈው ይመስላል፣ መስመሩ የተጣመመ ነው» ብሎ እሱው ራሱ አቃናው። የመጀመሪያው «ት» እግር ለብቻው ከቀሪው ጠለቅ ብሎ የተቆፈረው በእሱ እጅ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን፣ ትምህርት ተዘግቶ ትዕግሥት ሸዋ ቤንች የእናቷ ወላጆች ቤት ሄደች። እዚያ ወባ ያዛት። ወሬው ሲደርስ ጋሽ በዛብህና እትዬ አስካለ በጂፗ ሄደው ወደ ሚዛን ሐኪም ቤት ሊያመጧት ተነሡ። ሲመለሱ መንገደኞችም ተሳፍረው ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ልጅቷ ትቃዣለች። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ጋሽ በዛብህ ፍሬኑን እንደ ወትሮው ብዙ አላሞቀም። ትኩሳቷ አስቸኮለው። አፋፉ ላይ ቆሞ «ውረዱ!» አለ። ሁሉም ወረደ። እትዬ አስካለም ወረደች። ልጅቷን ልቀፋት አልቀፋት ብላ ሰማዩን አየች፤ ከዚያ ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ አልብሳ «እሷን ተዋት፣ ዝናቡ ይብስባታል» አለች። ጋሽ በዛብህም «ይሻላል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረው የነበሩት ብዙ ጊዜ ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ የሁሉም ወሬ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ፍሬኑ እምቢ አለ። ረዳቱ ታኮውን ወረወረ፤ ጎማው ዘሎት አለፈ። ጋሽ በዛብህ ገደሉን ለመሸሽ ወደ ተራራው ጠመዘዘ። ጂፗ በቀኝ ጎኗ አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ መታች። ትዕግሥት የተቀመጠችው በቀኝ ነበር።

እኔ ሞት ምን እንደሆነ የገባኝ ለቅሶው ላይ አይደለም። ትምህርት ሲከፈት ዴስኩ የሰፋኝ ጊዜ ነው የገባኝ።

እትዬ አስካለ ባሏን አንድ ቀን እንኳን በቃል አልወቀሰችውም። ማን ማንን ይወቅሳል? ተዋት ያለችው እሷ፣ ይሻላል ያለው እሱ። ቤታቸው ግን ንግግር የሌለበት ቤት ሆነ። ምሳው ይቀርባል፣ ልብሱ ይታጠባል፤ ሰላምታው አለ፤ ሌላ የለም። ጂፗ ተጠግና ስትመለስ እትዬ አስካለ በአጠገቧ የምታልፈው ፊቷን አዙራ ነው። ጂፗ ላይ ዳግመኛ አልወጣችም። እናቷን ልትጠይቅ ሸዋ ቤንች ስትሄድ የጭነት መኪና ካገኘች በእሱ፣ ካላገኘች በእግሯ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ አገኘናቸው። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ በመንገዱ ዳር ትራመዳለች። ጂፗ ባዶዋን ከኋላዋ በእሷ እርምጃ ልክ ትከተላለች። እሷ ዞር አትልም፤ እሱም ጥሩንባ አይነፋም። ሌላ ሰው ቢሆን ያስቅ ነበር። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ሳበችኝና እስኪያልፉ ድረስ ቆምን።

ጋሽ በዛብህም ተለውጦ ነበር። ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከላይ መኪና ሲወርድ ከሰማ ቀኝ እግሩ ሳያውቀው መሬቱን ይረግጣል። ጫማው ፊት ለፊት አፈሩ ጎድጉዶ ነበር። እኔም ከእሱ ወርሼ ነው መሰለኝ፣ ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ቁልቁለት ሲጀመር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤ አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ይስቁብኛል።

ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ «ሽጣትና ገላግለን» አለው። አባቴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር።

«ብሸጣት ሌላ ሰው ልጁን ይጭንባታል» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ነው የዲስክ ፍሬኑ ነገር የመጣው። ሐሳቡ የሸምሱ ነበር። ሸምሱ ከጅማ በኩል የመጣ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ገበያው ጀርባ፣ አራት ምሰሶና አንድ ሸራ ብቻ። ወሬኛና ሳቂታ ነበር፤ ከጋሽ በዛብህ ጋር ሲሆን ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ ታምቡር ማለት የተከደነ ድስት ነው» አለው፣ እኛ ግቢ አጥር ሥር ቆመው። «ውሃ ከገባበት መውጫ የለውም። ዲስክ ግን ገላጣ ላይ ያለ ሰሃን ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ያራግፈዋል፤ ሁለት ሸራ ከግራና ከቀኝ ጨብጦ ይይዘዋል። ወላሂ፣ ከወንዝ ወጥተህ እዚያው ብትረግጠው ይይዝልሃል።»

«ለዚች አሮጊት ይገጠምላታል?»

«አልተሠራላትም። እናሠራላታለን።»

ጋሽ በዛብህ ቀጥሎ የተናገረው ሁላችንንም አስደነገጠን። «ያኔስ ይሄ ነገር በዓለም ላይ ነበረ?» አለ። ሸምሱ አንገቱን ደፋ። ነበረ እንዴት ይበለው?

ሥራው ዓመታት ፈጀ። በመጀመሪያ ዲስኩን ከነመጨበጫው ማግኘት ነበረባቸው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ቴፒ በኩል አንድ ቡና ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተገልብጣ የተጣለች አዲስ መኪና ላይ አገኙ። ከጂፗ ጋር ግን አልተዋወቁም፤ የጎማው እምብርት ሌላ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ሌላ። ጅማ ተወስዶ በቶርኖ መላግ ነበረበት። ጋሽ በዛብህ ያን ብረት በጆንያ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ጉልበቱ ላይ አድርጎት ይሄዳል፤ ዕቃ ጫኙ ከላይ ልስቀለው ቢለው አይሰጥም። መጨበጫውን የሚሸከመው ብረት የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ተገጥሞ ጎማው ሲታሰር ደግሞ የጎማው ብረት፣ ቸርኬው፣ መጨበጫውን እየፋቀ አልዞርም አለ፤ ሌላ ቸርኬ ፍለጋ። ቸርኬው ተገኝቶ ሲረገጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰጠመ፤ የድሮው ፓምፕ ለአዲሱ የሚበቃ ዘይት አይገፋም ነበርና የፓምፕ ፍለጋ። በዚህ መሃል የቡና ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ በቆሎ የዘራበት ጊዜ ነው፤ ጭነት ጠፍቶ ጂፗ በክሪክና በድንጋይ ላይ ቆማ ከረመች። ሣር ከሥሯ በቀለ። እኔ ከልጅነት ወጥቼ ጡት አወጣሁ፣ እሷ እዚያው ናት።

ሰፈሩ ዝም አላለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉት። ጠላ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የተናገረው ሰውም ነበር። ጋሽ በዛብህ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ልክ ነህ። ግን ጅቡ ተመልሶ አይመጣም ያለህ ማነው?» አለው። ተነሥቶም አልሄደም፤ ጠላውን ጨረሰ።

የተቀየሩት የፊት ሁለቱ ናቸው። የተነቀሉትን ታምቡሮች ሸምሱ ለብረት ገዢ ልሽጣቸው ቢል ጋሽ በዛብህ ከለከለው። ቤቱ ጀርባ ሙዝ ሥር አስቀመጣቸው፤ ዝናብ እየሞላቸው ዶሮዎች ይጠጡባቸው ነበር። መጣል አልሆነለት፣ ማየትም አልሆነለት።

ሥራው ያለቀው ክረምት ላይ ነው። ጋሽ በዛብህ አሸዋ የተሞላ ጆንያ በሰው ልክ አግዳሚዎቹ ላይ ደርድሮ፣ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ጎማዎቹን አርሶ፣ ሳያሞቅ ውረዱን ወረደ። ሸምሱ እታች ቆሞ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ እንደነበረ ራሱ ነው የነገረን። ጂፗ በተረገጠች ቁጥር ቆመች። ጋሽ በዛብህ እየተመለሰ ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወርዳል፤ ሸምሱ ቢለው ቢሠራው አልሰማም። በመጨረሻ ነዳጁ አለቀበት።

ከዚያ ሰው መጫን ጀመረ። አፋፉ ላይ ሲደርስ «መውረድ የለም፣ ፍሬኑ አዲስ ነው» ቢልም ሰው ልማዱ ነውና ዘሎ ይወርዳል። አንድ የቤንች ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ ማር የሚያመጡ፣ ከዘራቸውን እየፈለጉ «ፍሬን ጥሩ ነው አልክ፤ የእኔም እግር ጥሩ ነው» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እሱም እንደ ወትሮው ያለ ድምፅ ሳቀ። ግን ለእነሱ ብሎ አልነበረም የለፋው። ጠዋት ጠዋት ጂፗን አጥቦ፣ የፊቱን ቀኝ በር ከፍቶ በቤቱ ትይዩ ያቆማታል። እትዬ አስካለ ወጥታ፣ አይታ፣ ውሃ ለመቅዳት ታልፋለች። ትንሽ ቆይቶ በሩን ይዘጋውና ወደ መነኻሪያ ይሄዳል። ይህንንም ለብዙ ጊዜ አደረገ።

የእትዬ አስካለ እናት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሸዋ ቤንች ላይ አረፉ። ለቀብር ሰፈሩ ሁሉ በጭነት መኪና ሄደ፤ እኔም ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ስንመለስ ዝናቡ ወረደ፤ መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ወንዶቹ ሲገፉ፣ ሴቶቹ ዛፍ ሥር ተጠልለን ስንንቀጠቀጥ፣ ጂፗ ከኋላ መጣች። ጋሽ በዛብህ ቆመና ከውስጥ የቀኙን በር ከፈተው። ማንንም አልጠራም። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እትዬ አስካለ አየን። ነጠላዋ ረጥቦ ራሷ ላይ ተጣብቋል፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ዛሬ ደክሞኛል» አለች፤ ለማን እንዳለችው እንጃ። ሄዳ ገባች። ከፊት ለፊቷ ያለውን የሚስማር ጽሑፍ አይታ መዳፏን አሳረፈችበት፤ እጇን ከዚያ አላነሣችም።

እኛም ከኋላ ተጠቀጠቅን። ወንዙ ሞልቶ ውሃው እስከ ወለሉ ገባ። ዳገቱን ወጥተን አፋፉ ላይ ጋሽ በዛብህ ቆመ። እኛ ሳንባል ወረድን። ሞተሩ ይንጎራጎራል፣ ዝናቡ ሸራውን ይቀጠቅጣል። ጋሽ በዛብህ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ለዚህች ሰዓት ሲለፋ ኖሮ፣ ስትደርስ አቃተው።

«አስካለ፣ ውረጂ» አላት። ድምፁ ልመና ነበር።

እሷ ወደ ፊት እያየች «ልጄ አልወረደችም። እኔም አልወርድም» አለች።

ከጎኔ የነበረችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ጂፗ መውረድ ጀመረች። ረዳቱ ከልማዱ ታኮውን አንሥቶ ሮጠ፤ እኛም ተከትለን በጭቃው ላይ እየወደቅን እየተነሣን ሮጥን። ምን ልናደርግ እንደሆነ እንጃ። ኩርባው ሸፈናት። የምሰማው ሞተሩንና የራሴን ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ሞተሩም ጠፋ።

ኩርባውን ስናልፍ ጂፗ ዋንዛው ፊት ለፊት ቆማ ነበር። በቁልቁለቱ መሃል፣ በጭቃው ላይ፣ ታኮ የለ ምን የለ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። የተሰማኝ ደስታ ሊሆን ይገባው ነበር። ወደ መስኮቱ ስንቀርብ ግን እትዬ አስካለ ግንባሯን ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ደፍታ «ቆመች» ትላለች። «ቆመች እኮ በዛብህ። ቆመች።» ደጋግማ ያችኑ አንድ ቃል። ጋሽ በዛብህ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ፣ በቀኝ እጁ ጀርባዋን ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ። ልጃቸው ከሞተች ጀምሮ ያን ቀን ነው አብረው ያለቀሱት። እኛ ሴቶቹ መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ተቀመጥን፤ የተቀበሩት አሮጊት ለቅሶ እንደገና የተጀመረ ይመስል ነበር፣ ግን ስለ ማን እንደምናለቅስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቤት ንግግር ገባው። ብዙ አይደለም። በአጥሩ በኩል አንዳንዴ የእሷ ቁጣ፣ አንዳንዴ የእሱ «እሺ እሺ» ይሰማ ነበር፤ እናቴ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጥና «ተመስገን፣ ተጣሉ» ትላለች። እትዬ አስካለ ገበያ በጂፗ ትሄዳለች። ውረዱ ላይ ሁሉም ሲወርድ እሷ አትወርድም።

የትምህርት ቤቱ ደወል ያን ጊዜ አሮጌ ቸርኬ ነበር። አንድ ቀን ተሰርቆ ሄደና ርዕሰ መምህሩ ብረት ያለው ሰው እንዲሰጥ በወላጆች ስብሰባ ላይ ለመኑ። እትዬ አስካለ ቤቷ ሄዳ፣ ሙዝ ሥር ካሉት ታምቡሮች አንዱን ውሃውን ደፍታ፣ በራሷ ጀርባ አዝላ አመጣችው። አዎ፣ እንደ ልጅ በነጠላ አዝላ። «ይኼን ስቀሉት» አለች። ጋሽ በዛብህ እዚያው ስብሰባው ላይ ነበር። ተነሥቶ መስቀያ ሽቦውን አሰረላቸው።

ኋላ ዓይኑ ሲደክም ጂፗን ሸጣት። ገዢው የማጂ ሰው ነበር። ጋሽ በዛብህ አስቀድሞ ውረዱ ድረስ ይዞት ሄዶ አስነዳው፤ ውሃ ውስጥ አስገብቶ አስረገጠው። ሊወስዳት የመጣ ቀን ሰውየው ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ ነበር፤ ልጅቷ ሳትጠየቅ ሮጣ ከፊት ገባች። በጣቷ የሚስማሩን ጽሑፍ እየተከተለች ፊደሎቹን ቆጠረች፤ «ትዕግሥት ማናት?» አለች። ጋሽ በዛብህ «የወንበሩ ባለቤት ናት፤ አንቺን ፈቅዳልሻለች» አላትና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላት። በካላማዳሪው አሰረው፣ ሳብ አድርጎ ሞከረው፣ ደግሞ አሰረው። ጂፗ ስትሄድ ቀኝ እግሩ መሬቱን አልረገጠም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት በጉበት ሞተ።

ያን የመስከረም ጠዋት ቁርሴን ሳልበላ ወደ እትዬ አስካለ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ ታሟል። ወንዙ ድልድይ ተሠርቶለታል፣ ውረዱም አስፋልት ለብሷል፤ ወጣት ሾፌሮች ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቁም። «ነይ ደግፊኝ» አለችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ወሰደችኝ። ሁልጊዜ ጠዋት እንደምትሄድ እናቴ ነግራኛለች። ልጆቹ በግቢው ውስጥ ይራወጣሉ፤ አንዱ ያሳድዳል፣ አንዱ ጭቃ ይረጫል፣ አንዲት ፍንጭት ልጅ በተዳፋቱ በኩል እጇን ዘርግታ ቁልቁል ትሮጣለች።

ዘበኛው ታምቡሩን ለሁለተኛ ጊዜ መታው።

ያ ሁሉ ልጅ ባለበት ቀጥ አለ። ባንዲራ የሚሰቀልበት ሰዓት ነው፤ ሕጉ እንዲያ ነው፤ ደወል ሲሰማ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ቁልቁል ትሮጥ የነበረችውም ልጅ አንድ እግሯን ጭቃው ውስጥ ተክላ፣ ተንገዳግዳ፣ ቆመች።

እትዬ አስካለ ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። ልጅቷን ነበር የምታየው።

«አየሽ?» አለችኝ። «ብረቱ አሁን እሺ ይላል።»

መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ ከአጥሩ ውጭ አብረን ቆምን።